ማሞግራፊ፦ ለጤነኛዋ ወይስ እጢ ላገኘችው?

ማሞግራፊ የጡት ራጅ ነው። ጡት በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች መሃል ለጥቂት ሰከንድ ይጫንና ይነሳል። ያማል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ምንም ምልክት የሌላት ሴት በየጊዜው ብትነሳ ይጠቅማታል ወይ? ሐኪሞችን ለዓመታት ያከራከረው ይህ ነው።

አንድ የስዊድን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀመረ። በ1985 ሲታተም በጡት ካንሰር የሚሞቱት በ31 በመቶ ቀንሰዋል አለ። በ1980 የተጀመረው የካናዳ ጥናት ደግሞ ከ25 ዓመት ክትትል በኋላ ማሞግራፊ ሞት አልቀነሰም ብሎ ደመደመ። የጥናቱ አሠራር እስከ ዛሬ ያነታርካል።

ዋናው ጭቅጭቅ ሌላ ነው። አንዳንድ ካንሰር ዘገምተኛ ስለሆነ ሴትዮዋ ሳታውቀው ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ራጁ ግን ያገኘዋል። ከተገኘ ማን ይተወዋል? ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ ይከተላል። በ2012 የእንግሊዝ ገለልተኛ ቡድን አንዲት ሴት ስትተርፍ ሦስት ያህል እንዲህ ያለ ሕክምና በከንቱ እንደሚደርስባቸው ገምቷል። የአሜሪካ ባለሙያዎች ቡድንም በ2009 ምርመራውን ከ50 ዓመት ጀምሩ ብሎ፣ በ2024 ወደ 40 መለሰው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ለሚያነበው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ሁሉ የሚበዛው የጡት ነው፤ ብዙዎቹም ገና 50 አልሞላቸውም። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በራጅ ላይ ነጭ ይታያል። እጢውም ነጭ ነው። ነጭ ላይ ነጭ ፈልግ እንደማለት ነው።

በድሬ ሙቀት ሴት በቀን ሁለት ሦስቴ ገላዋ ላይ ውኃ ታፈሳለች። እጢውን እጇ የሚያገኘው ያኔ ነው። አብዛኛው ሲጀምር አያምም፣ «ካላመመኝ ምን አለው» ትላለች። ጎረቤት ቡና ላይ «ብርድ ነው» ይላል። ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ «መቼ ነው ያዩት?» ይላታል። መልሱ በወር አይቆጠርም፦ «ረመዳን ሳይገባ»፣ «ቁልቢ ገብርኤል ሰሞን»።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 የጤና ሥርዓታቸው ደካማ የሆነ አገሮች ጤነኛውን ሁሉ በማሞግራፊ ከመፈተሽ ይልቅ ምልክት ያላትን ቶሎ እንዲደርሱላት መክሯል። በ2023 ደግሞ ጤና ተቋም ከመጣች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ይጠናቀቅ አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። መጀመሪያ አልትራሳውንዱና የመርፌ ናሙናው ይሟላ። ቀድሞ የጨረር ሕክምና ማለት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ነበር፤ አልጋ ኪራዩ ብቻ ሰው ያደኸያል። ሐረር ሕይወት ፋና የካንሰር ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ግን ከድሬ የደንገጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ።