ጊኒ ፒግ ከተኮላሸ በኋላ፦ ከቁስሉ በፊት ሆዱን እዩ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ጎረቤቴ ካርቶን ታቅፋ በራችንን አንኳኳች። ካርቶኑ ውስጥ የልጇ ጊኒ ፒግ፣ ያ ጅራት አልባ ትንሽ ሣር በል የቤት እንስሳ፣ ኩርምት ብሏል። ጠዋት ከተማ ወስዳ አስኮላሽታው መመለሷ ነው። «ቁስሉ ምንም አላለም፣ ንጹህ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?» ስላት፣ «ከመጣ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ሰዉ ግን ይረፍ ተይው ይለኛል» አለች።

የደነገጥኩት ይሄኔ ነው።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ማዶ። እዚህ ስለ ማኮላሸት የማያውቅ ሰው የለም። በግ ይኮላሻል፣ ፍየል ይኮላሻል፣ በሬ ይኮላሻል። ስለዚህ ምክር ሞልቷል። ችግሩ ምክሩ ሁሉ ከሙክት የመጣ መሆኑ ነው። ጊኒ ፒግ ደግሞ ሙክት አይደለም። የደቡብ አሜሪካ ተራሮች፣ የአንዲስ እንስሳ ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ ሆዱም የራሱ ጠባይ አለው። በሰፈራችን ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ለቀዶ ጥገና በባዶ ሆዱ ይሂድ»

ለሰው እንዲህ ይባላል፣ ለውሻም ይባላል። ምክንያቱ ሰመመን ላይ እያለ እንዳያስመልሰውና ትውከቱ ሳንባው ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጊኒ ፒግ ግን ማስመለስ አይችልም። አፈጣጠሩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማስጾም ጥቅም የለውም፣ ጉዳት ግን አለው። ሐኪሙ አፉ ውስጥ ምግብ እንዳይቀር ብሎ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ አንሱለት ሊል ይችላል። እሱ ሌላ ነገር ነው። ድርቆሹን (የደረቀ ሣሩን ማለቴ ነው፣ የእንጀራ ድርቆሽ አይደለም) እና የሚወደውን ቅጠል በፌስታል ይዛችሁለት ሂዱ። እንደነቃ ይቅረብለት።

«ደክሞታል፣ ይረፍ፣ ለምግቡ ነገ ይደርሳል»

ከሁሉ የምፈራው ይሄን ነው። የጊኒ ፒግ አንጀት የሚሠራው ከላይ እየተጨመረ ከታች እየወጣ ሲሄድ ነው። ከላይ ሲቋረጥ አንጀቱ ይቆማል። ውስጥ የቀረው ምግብ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያመዋል። ሲያመው ደግሞ ጭራሽ አይበላም። እንዲህ እየተባባሰ ሄዶ፣ ቀዶ ጥገናውን በሰላም ያለፈ እንስሳ በባዶ ሆድ ምክንያት ሊሞት ይችላል።

ከሰመመን ነቅቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድርቆሽ መንጨት መጀመር አለበት። ካልጀመረ እስኪነጋ አትጠብቁ። እንክብል መኖ ካላችሁ አድቅቃችሁ በለብ ያለ ውሃ እንደ አጥሚት አቅጥኑት። ከሌላችሁ ለዚያች ሌሊት ያህል በደንብ ተወቅጦ የተነፋ ድርቆሽ ከተቀቀለና ከተፈጨ ዱባ ጋር ይሠራል። ስኳር የለ፣ ጨው የለ፣ ወተት የለ። መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ፣ ከአፉ ጎን፣ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ባለው ክፍተት አስገቡለት። ጥቂት ጨመር አድርጋችሁ ቆም በሉ። ያኝክ፣ ይዋጥ። በቀጥታ ወደ ጉሮሮው ከተረጨ ሳንባው ውስጥ ይገባል። በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ካገኛችሁት ግን በግድ አትመግቡ፣ ወደ ሐኪም ነው።

በጠጡን ቁጠሩ። ይሄን ስል ሰው ይገረማል፣ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ያነሰ፣ የደቀቀ ወይም የቆመ በጠጥ አንጀቱ እየቆመ መሆኑን ይነግራችኋል። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑት። 900 ግራም የነበረ እንስሳ 810 ከገባ ከክብደቱ አሥር በመቶ ጠፋ ማለት ነው። ያኔ ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውም ጊኒ ፒግም ቫይታሚን ሲ ራሳቸው አይሠሩም። ለዚህ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ1907 መንገድ የከፈቱት ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እህል ብቻ የተመገቡ ጊኒ ፒጎች የመርከበኞችን የድድ መድማት በሽታ ሲይዛቸው አዩ። ቁስል ያለ ቫይታሚን ሲ በቅጡ አይሽርም። ውሃ ላይ የሚንጠባጠበው ቶሎ ይበላሻል፣ አትመኑት። የፈረንጅ ቃሪያ ስጡት፣ ያን ትልቁንና የማያቃጥለውን። ቀዩ ከብርቱካን ከእጥፍ በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ጥቅል ጎመን ግን ሆድ ይነፋል፣ በዚህ ሳምንት ይቅር።

«አይጮህም፣ ስለዚህ አላመመውም»

ጊኒ ፒግ የሚታደን እንስሳ ነው። ሕመሙን ያሳየ እንስሳ ቀድሞ የአዳኝ ሲሳይ ይሆናል፣ ስለዚህ ይደብቃል። እናንተ ግን ታውቁበታላችሁ። ጀርባው ይጎብጣል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑን ግማሽ ይጨፍናል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ሐኪሙ ማስታገሻ ሳይሰጣችሁ ከሸኛችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜሎክሲካም ነው፣ ልኩም በክብደቱ ይሰላል። ቤት ያለውን ፓራሲታሞል ወይም ዳይክሎፌናክ በግምት ከፍሎ መስጠት አይሆንም።

«እንዳያመረቅዝ ትንሽ አሞክሳሲሊን ስጡት»

ይሄን የማውቀው በመጥፎ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጊኒ ፒጌ ዳማ ይባል ነበር፣ በፀጉሩ መልክ። ከተኮላሸ በሁለተኛው ቀን ቁስሉ ዳር ትንሽ ቀላ አለ። ቤት ውስጥ ለልጅ ታዞ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ነበር። ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት ይሄን ምን ያደርገዋል አልኩ። ሁለት ቀን ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው፣ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ቁስሉ እስከዚያ ድረስ ድኖ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ጊኒ ፒግ ምግቡን የሚፈጩለት ደግ ባክቴሪያዎች አንጀቱ ውስጥ አሉ። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ፔንሲሊን እነሱን ይጨርሷቸዋል። ቦታውን መርዝ የሚያመነጭ ክፉ ባክቴሪያ ይይዘዋል። ክሊንዳማይሲንና ኤሪትሮማይሲንም እንዲሁ ናቸው። ለከብት የተለመደው ፔንሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበት መርፌ ደግሞ የባሰ ነው፣ ስትሬፕቶማይሲኑ ራሱ ይመርዘዋል። ብዙዎቹ የእንስሳት ሐኪሞቻችን የሚውሉት ከከብት፣ ከበግና ከውሻ ጋር ነው። ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት «ይሄ ፔንሲሊን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጊኒ ፒግ የሚስማሙ አሉ፣ ኤንሮፍሎክሳሲን አንዱ ነው። እሱንም ቢሆን የሚያዝዘው ሐኪም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ሃዋርድ ፍሎሪና ባልደረቦቹ ኦክስፎርድ ላይ ፔንሲሊንን መጀመሪያ የሞከሩት በአይጦች ላይ ነበር። በጊኒ ፒግ ጀምረው ቢሆን መድኃኒቱ መርዝ ነው ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር። ዳማን ሳስታውስ ይሄ ነገር አብሮ ይመጣብኛል።

«ቅቤ ይቀባ፣ በአረቄ ይታጠብ»

አይቀባም፣ አይታጠብም። የተቀባውን ይልሰዋል፣ አልኮል ደግሞ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ ማየት ይበቃል። የሚያስፈልገው ደረቅና ንጹህ መሬት ነው። ሰጋቱራ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ቀን ይነሳ፣ ብናኙ ቁስሉ ላይ ይለጠፋል። የጤፍ ጭድም ያው ነው። ያረጀ ፎጣ ወይም አንሶላ አንጥፉ፣ ሲረጥብ ቀይሩ። የጊኒ ፒግ ሆድ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም፣ ስለዚህ ምንጣፉ ማለት ፋሻው ማለት ነው።

«ከሰል አያይዘን አጠገቡ እናስቀምጠው»

ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። የክረምቱን ሌሊት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሰመመን የወጣ ትንሽ እንስሳ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ማሞቁ ትክክል ነው። ከሰሉ ግን አይሆንም። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሰውንም ይገድላል፣ ለእሱ ትንሽ ሳንባ ደግሞ ጭሱ ብቻ ይበቃዋል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሞቅ ባለ ውሃ ሙሉና በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎን አስቀምጡለት። በአንድ ጎን ያልኩት ሲሞቀው እንዲሸሽ ነው። ሲበርድ ቀይሩት፣ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ሙቀቱን መልሶ ይወስድበታል።

«እንዳይልሰው አንገቱ ላይ ሾጣጣ ፕላስቲክ ይታሰርለት»

ለውሻ ጥሩ ነው። ጊኒ ፒግ ግን ከሚጥለው ለስላሳውን በጠጥ ከስሩ ወስዶ መልሶ ይበላል። አስቀያሚ ልማድ እንዳይመስላችሁ፣ ያልተጠቀመበትን ምግብና ቫይታሚን የሚያገኘው እንዲህ ነው። ሾጣጣው ይሄንን ይከለክለዋል፣ ያስጨንቀዋል፣ መብላትም ያቆማል። ስፌቱን እየበጠሰ ካልሆነ በቀር ይቅርበት።

«ተኮላሽቷል፣ ዛሬውኑ ከሴቷ ጋር ይደር»

የዘር ፍሬው ቢወጣም በቱቦው የቀረ ዘር ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ለይታችሁ አቆዩት። እኔ ስድስቱን እመርጣለሁ። በወንፊት ሽቦ ለይታችሁ ጎን ለጎን ብታኖሯቸው ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ብቸኝነቱም ይቀልለታል። መቸኮሉ ቀላል ነገር አይደለም። የጊኒ ፒግ እርግዝና ከ59 እስከ 72 ቀን ነው፤ ከሰባት ወር ዕድሜ በላይ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ሴት ደግሞ የዳሌዋ አጥንት አልከፈት ብሏት በምጥ ልትሞት ትችላለች።

«ከተኮላሸ አይጣላም»

ይጣላል። በሬ ሲኮላሽ ይገራል፣ ጊኒ ፒግ ግን ጠባዩ ብዙም አይለወጥም። ሁለት የሚናከሱ ወንዶችን ለማስታረቅ ብላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ሰፋ ላለ ቤትና ለሁለት የምግብ ሳህን አውሉት።

«ሳምንት ካለፈው ወዲያ አያሰጋም»

ስፌቱ የሚገኘው መሬት በሚነካበት ቦታ ስለሆነ እብጠትና መግል ከሳምንት በኋላም ሊመጣ ይችላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠንካራ እብጠት፣ ሽታ ወይም ፈሳሽ ካያችሁ ተመለሱ። ሌላም አለ። በወንድ ጊኒ ፒግ ከሆድ ወደ ቆለጡ የሚወስደው ቀዳዳ ዕድሜ ልኩን ክፍት ነው። ሐኪሙ ካልዘጋው አንጀት ወይም ስብ በዚያ በኩል ሊወርድ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በፊት «ቀዳዳውን ትዘጋዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥያቄው የገባው ሐኪም ትንንሽ እንስሳ ያውቃል ማለት ነው።

ያን ምሽት ከጎረቤቴ ጋር ዱባ ቀቅለን፣ ድርቆሽ ወቅጠን፣ በሻይ ወንፊት ነፋን። በስልክ ያገኘነው ሐኪም የማስታገሻውን ልክ ነገረን። ሁለት ጊዜ አብረን መገብነውና ጠርሙሱን ሞልታ ይዛው ገባች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ልጇ ነበር፣ አልተኛም ነበር። «በጠጥ ጣለ!» አለኝ። «ስንት?» አልኩት። ቆጥሮ ነገረኝ፣ አሥራ አንድ።