«ትረስቱ ከሰረ» ሲባል የከሰረው ማን ነው?

«የኮሚዩኒቲያችን ትረስት ከስሯል፤ እንደማንኛውም ድርጅት ሒሳብ አጣሪ ተሹሞለት ይዘጋ» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሞ አነበብኩ። ጸሐፊው ኩባንያ እንዴት እንደሚዘጋ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የዘነጉት ትረስት፣ ማለትም ባለአደራዎች ለሌሎች ጥቅም ንብረት የሚይዙበት አደራ፣ የሚዘጋ አካል እንደሌለው ነው።

በእንግሊዝና ዌልስ ኩባንያ በራሱ ስም ይበደራል፣ በራሱ ስም ይከሰሳል፤ የ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) የኪሳራ ሕግ ስለ መዝጋት የሚደነግገውም ለእሱ ነው። ትረስት ግን የሕግ ሰውነት የለውም። ያሉት ባለአደራዎቹ ናቸው።

የጎረቤት በሬ በአደራ ተቀብለህ ግቢህ አስረሃል እንበል። ለራስህ ዕዳ የመጣ ባለገንዘብ ያንን በሬ ሊነዳው አይችልም። ለበሬው ድርቆሽ በዱቤ ከገዛህ ግን ሻጩ የሚያውቀው አንተን ነው። ከበሬው ዋጋ ማካካስ ትችላለህ፤ ዋጋው ካልበቃ ጉድለቱ ከኪስህ ይወጣል። አደራውን የተቀበላችሁት አምስት ሆናችሁ ከሆነም ሻጩ ደህና ደመወዝ ያለውን መርጦ ሙሉውን ሊጠይቀው ይችላል። የአዳራሽ ኪራይ ውል ላይ የፈረማችሁ ባለአደራዎች፣ የእናንተ ድርቆሽ ያ ኪራይ ነው። (ውሉ ኃላፊነታችሁን በትረስቱ ንብረት ልክ ከወሰነው ነገሩ ሌላ ነው፤ አንብቡት።)

«ሕጉ ያልተመዘገቡ ኩባንያዎችንም ይዘጋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ግን በሩ የተከፈተው ለማኅበራት ነው፤ አባል የሌለው ትረስት በዚያ በር መግባት ይከብደዋል።

ስሙ ላይ «ትረስት» መኖሩም ዋስትና አይደለም። «ዌጅውድ ሙዚየም ትረስት ሊሚትድ» ኩባንያ ነበር። የዌጅውድ ሸክላ ፋብሪካ ግሩፕ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲወድቅ፣ በግሩፑ የጋራ የጡረታ ፈንድ ውስጥ አምስት ሠራተኞች ብቻ የነበሩት ሙዚየም የ134 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ተሸከመ። ፍርድ ቤቱ በ2011 መጨረሻ የሙዚየሙ ስብስብ በአደራ የተያዘ ሳይሆን የኩባንያው የራሱ ስለሆነ ለዕዳ ይውላል አለ፤ በሬው የራሱ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስብስቡን ከመሸጥ ያተረፈው በ2014 በልገሳ የተሰበሰበው 15.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

ማኅበራችሁ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መመዝገብ በጀመረው «ሲአይኦ» በተባለው የበጎ አድራጎት ተቋም ዓይነት ከተቋቋመ ግን አስተያየት ሰጪው ትክክል ናቸው፤ የኩባንያው የኪሳራ ሥርዓት ተስተካክሎ ይሠራበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምዝገባ ወረቀቱን አውጡ።

ግላስጎውና ኤድንብራ ያላችሁ ይህን ሁሉ በእኔ ቃል ብቻ አትውሰዱት። በስኮትላንድ ሕግ የትረስት ንብረት ራሱን ችሎ ለኪሳራ ሊቀርብ ይችላል።