የባክላይት ሬዲዮ ሣጥን ጽዳትና ውልወላ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የድሮ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ (ከትራንዚስተር በፊት የነበረው፣ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ክፍሎች የሚሠራው) ሣጥን ማጽዳት ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ሰበታና ለገጣፎ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ አያውቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ባለሙያ በትርፍ ሰዓቱ ይሞክረዋል፤ አለዚያም ቤት የቀየረ ቤተሰብ ከአያት የቀረውን ዕቃ ከካርቶን አውጥቶ በሳሙናና በጨርቅ ይነካካዋል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ስድሳና ሰባ ዓመት የተቋቋመ ሣጥን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጽዳት ወዙን አጥቶ ግራጫ ሲሆን ይታያል።

ሣጥኑ የተሠራበትን፣ ባክላይት የሚባለውን ቁስ የፈለሰፈው ቤልጂግ የተወለደው ኬሚስት ሊዮ ቤይክላንድ ነው፤ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ዮንከርስ ሲሠራ በ1907 እ.ኤ.አ.። ፌኖልና ፎርማልዴይድ በሙቀትና በግፊት ሲዋሐዱ ጠንካራ ሙጫ ይወጣቸዋል። ለሬዲዮ ሣጥን የሚሆነው ሙጫ ብቻውን ስለሚሰባበር እጅግ የላመ የእንጨት ዱቄት ይደባለቅበትና በጋለ የብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨፍልቆ ይወጣል። አንዴ ከጠነከረ በኋላ እንደ ተጋገረ እንጀራ ወደ ሊጥነቱ አይመለስም፤ በእሳት አለስልሶ ማቃናት ወይም አቅልጦ መበየድ የማይቻለው ለዚህ ነው። ለጽዳት ከሁሉም በላይ ማወቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ሣጥኑ ከቅርጹ ሲወጣ ላዩ ላይ ሙጫ የበዛበት ስስ ቆዳ እንደሚኖረው ነው። የሚያብረቀርቀው ያ ቆዳ ነው። እሱ ከተገፈፈ ከሥሩ ያለው የእንጨት ዱቄት ይጋለጣል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ያብጣል፤ ከዚያ ወዲያ የቀድሞውን ገጽታ የሚመልስ ቅባት የለም።

በአውሮፓ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የባክላይት ሬዲዮ የብዙ ሰው ሬዲዮ ነበር። እንግሊዝ አገር አርክቴክቱ ዌልስ ኮትስ ለኤኮ ኩባንያ የነደፈው ክቡ ሬዲዮ በ1934 ሲወጣ የቁሱን አቅም አሳየ፤ እንጨት አናጢ በዚያ ዋጋ እንዲያ ያለ ክብ ሊያወጣ አይችልም ነበር። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ የሬዲዮ ሥርጭት ከአቃቂ ማሰራጫ በ1935 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የከበበው የደቡብ ዳርቻ የአገሪቱ የሬዲዮ ታሪክ መነሻ መሆኑን ብዙ ነዋሪ አያስታውስም። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር ትራንዚስተሩ ገበያውን ይዞ ነበር፤ የባክላይቱ ሬዲዮ ግን ሳሎን ውስጥ በዳንቴል ተሸፍኖ ቦታውን አልለቀቀም።

ዳንቴሉ ዛሬ ለጽዳቱ ምስክር ሆኖ ያገለግላል። ሬዲዮው በመስኮት በኩል ለዓመታት ፀሐይ ከመታው ፊቱ ይደበዝዛል፤ ዳንቴሉ የሸፈነው የላይኛው ክፍል ግን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ሣጥን ላይ የክሩ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ እንደ ጥላ ታትመው ይታያሉ። ይህ እድፍ አይደለም፤ ፀሐይ የበላው ስለሆነ ሳሙና አይነካውም። እድፉ ሌላ ነው፤ የቡና መቁያ ጢስ፣ ዕጣን፣ የከሰል ጥቀርሻ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሣጥኑ ላይ ከቆመ ሻማ የፈሰሰ ሰም፣ በላዩም አስፋልት ያልደረሰው መንገድ አቧራ። ቅባቱና አቧራው ተዋሕደው ሲደርቁ ቀለም የተቀባ ይመስላሉ። ፍቆ ለማውጣት የሚያጓጓውም ይኸው ነው።

ሥራው ውሃ ከመንካቱ በፊት በመፍታት ይጀምራል። ከሶኬት የተነቀለ ሬዲዮም ቢሆን የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎቹ፣ አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ውስጡን የሚነካው ይህን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። የፊት ማዞሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በጎናቸው ትንሽ ብሎን ያላቸውና በግፊት ብቻ የገቡ። ብሎን የሌለው አልወጣም ካለ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ መፈልቀቅ የማዞሪያውን ጠርዝ ወይም የሣጥኑን ፊት ይሰብራል። የጨርቅ ቁራጭ በማዞሪያው ኋላ አጥልፎ ሁለቱን ጫፎች ቀጥታ ወደ ራስ መሳብ ይሻላል። የውስጥ ዕቃውን የተሸከመውን የብረት አካል የያዙት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ከሣጥኑ ሥር ናቸው። የጣቢያዎቹ ስም የተጻፈበትን መስታወት የሚያወጣ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ጽሑፉ የታተመው በመስታወቱ የጀርባ ገጽ ላይ ሲሆን ከዕድሜ ብዛት የቀለሙ ጥብቀት ይላላል፤ እርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲያልፍበት ለንደንም ፓሪስም ጨርቁ ላይ ይቀራሉ። ፊቱን ብቻ ማጽዳት፣ ጀርባውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ በቂ ነው።

ባዶውን ሣጥን ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ያነጻዋል። መዘፍዘፍ ግን ክልክል ነው። በተጨመቀ ጨርቅ ቦታ ቦታውን እያበሱ፣ የድምፅ ማጉያው ፍርግርግ ውስጥ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እየገቡ ወዲያው ማድረቅ ነው። የሻማ ሰም በጥፍር ወይም በእንጨት ስንጥር ከተነሳ በኋላ ቀሪውን ትንሽ ላምባ ያስለቅቀዋል፤ ከሰል የተያያዘበት ክፍል ውስጥ ግን አይሞከርም። በረኪና፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ፣ የድስት መፈተጊያ ሽቦና አሸዋ ያለው ዱቄት ከዚህ ሥራ መራቅ አለባቸው። በረኪና የሚያነጣው እድፉን ብቻ ስላልሆነ ጉዳቱ ሲደርቅ ነው የሚታየው።

ታጥቦ ሲደርቅ ሣጥኑ ወዝ ካለው ውልወላ አያስፈልገውም። ይህን የሚቀበል ሰው ጥቂት ነው። ለደበዘዘ ግን እንደ ብራሶ ያለ የብረት መወልወያ ወይም የመኪና ቀለም ማሳመሪያ ክሬም ይሠራል፤ ሁለቱም ውስጣቸው እጅግ ደቃቅ ፈታጊ አለ። ያረጀና የላላ የነጠላ ቁራጭ ላይ ጥቂት አድርጎ በትንሽ በትንሹ ቦታ ማሸት ነው። ጨርቁ ቡናማ ይሆናል፤ ደንግጠው የሚያቆሙ አሉ፤ የሞተው የላይኛው ገጽ ስለሚነሳ ያ ያለ ነገር ነው። ሲሞቅ የሚሸተው ሽታም ከፌኖሉ የሚመጣ ነው። ጨርቁ ተቀይሮም ቡናማው መብዛቱን ከቀጠለና ወዝ ካልመጣ ግን ቆዳው አልቋል ማለት ነው፤ ተጨማሪ ማሸት ዕቃውን መጨረስ ብቻ ነው። ለጭረት ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት የሚጠቀም ሰው ውሃ እያረጠበ ይሥራ። በደረቁ ከተፋቀ የሚነሳውን ብናኝ መተንፈስ አይገባም፤ ሙቀት እንዲቋቋሙ በተሠሩ አንዳንድ የባክላይት ዓይነቶች ውስጥ አስቤስቶስ ይገኛልና።

ቆዳው ለሳሳበት ሣጥን የሊስትሮ ዕቃ ጥሩ መፍትሔ ነው። ቡናማ የጫማ ቀለም በስሱ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በጫማ ብሩሽ ሲቦረሽ የተጋለጠውን የእንጨት ዱቄት ያቀልመዋል፤ ድብዝዝነቱንም ይደብቃል። ዘላቂ ባይሆንም በዓመቱ መድገም ይቻላል። የንብ ሰምም ይሠራል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ በዳርቻው አቧራ ላይ በወፍራሙ የተቀባ እንደሆነ ያንኑ አቧራ ይዞ ያስቀራል። ከመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም) ያለበት ጠንካራ ሰም ይሻላል።

ነጭና ክሬም ሣጥኖች በዚህ ሕግ አይሄዱም። የፌኖል ሙጫ በራሱ ስለሚጠቁር ነጭ ሣጥን የሚሠራው ከዩሪያና ከፎርማልዴይድ ነው፤ ይህ ደግሞ በሙቀት በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ቡናማ ቀለም ከነካው ስንጥቁ ሁሉ ተቆጥሮ ይታያል። በሳሙና ታጥቦ ቢቀር ይመረጣል። የተሰነጠቀ ባክላይትን በተመለከተ፣ ከውስጥ በኩል ሁለት ቱቦ ተደባልቆ የሚጠነክረው ኤፖክሲ ይይዘዋል። ከፊት የሚታየውን መስመር በቡናማ ቀለም መሸፈን እንጂ በመፋቅ ማጥፋት አይቻልም።

ሣጥኑ ካማረ በኋላ ሬዲዮውን ለመስማት መቸኮል አለ። የዚያ ዘመን አንዳንድ ሬዲዮኖች ለ110 ወይም ለ127 ቮልት የተስተካከለ የቮልቴጅ መምረጫ አላቸው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር የሌላቸው ደግሞ የብረት አካላቸው በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ሊሆን ይችላል፤ ማዞሪያው ወልቆ የቀረ ዘንግ በባዶ እጅ የሚነካ ሰው በኤሌክትሪክ ይመታል። በካርቶን የተሠራው የጀርባ ክዳንና ማዞሪያዎቹ ሁሉ ቦታቸው ሳይመለሱ፣ የደረቁት ካፓሲተሮችም በጠጋኝ ሳይታዩ ሶኬት ላይ አይሰካም።