ጋልቫናይዝድ ብረት ምንድን ነው? የዓሣ ማጨሻ በቤታቸው ለሚሠሩ

በባሕር ዳር ከጥብስና ከለብለብ ወጣ ብለው ቆሮሶና አምባዛ በጭስ ማብሰል የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ማጨሻውንም ከአሮጌ በርሜል፣ ከፋይል ካቢኔት፣ ከባልዲና ከማቀዝቀዣ መደርደሪያ ራሳቸው ያበጁታል። በሙያዬ ብረት ሠራተኛ ነኝና የወዳደቀ ብረት ሥራ ላይ ሲውል ከማንም በላይ ደስ ይለኛል። ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን «ጋልቫናይዝድ ስለሆነ አይዝግም፤ ስለማይዝግም ለምግብ ንጹሕ ነው» የሚለው በየጊዜው የምሰማው አነጋገር ነው። አለመዛግና ለምግብ መስማማት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ጋልቫናይዝድ ብረት ዚንክ የለበሰ ተራ ብረት ነው። ልባሱ በአብዛኛው የሚገኘው ብረቱን በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ በመንከር ሲሆን፣ የጣራ ቆርቆሮውም፣ የውኃ ቧንቧውም፣ ባልዲውም በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው እርጥበት እንዳይነካው በመሸፈን ብቻ ሳይሆን ከብረቱ ቀድሞ ራሱ በመበላት ነው። እንግዲህ ዚንኩን በደጃፍ የቆመ ዘበኛ ብንለው፣ ሌባ በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚመታው እርሱ ነው፤ ባለቤቱ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ዘበኛው ግን የተቀጠረው ለሌባ፣ ማለትም ለውኃና ለእርጥበት ነው። ቤቱ ውስጥ እሳት ሲነሣ የመጀመሪያው ሸሺ እርሱ ይሆናል፤ ምክንያቱም ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ ብረት ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ሲሸሽም፣ ማለትም ጭስ ሆኖ ሲወጣ፣ ብቻውን ቢሄድ ባልከፋ ነበር፤ በግቢው ያለውን ሰው ሁሉ እየገፋ ነው የሚወጣው። ስቴይንለስ ወይም አይዝጌ የምንለው ብረት ደግሞ ዘበኛ አልቀጠረም፤ ዝገት የሚከላከልለት ክሮሚየም የተባለው ብረት ከመላ አካሉ ጋር ስለ ተዋሐደ ባለቤቱ ራሱ ነቅቶ ያድራል፤ ሲጫርም የተጫረው ቦታ መከላከያውን እንደገና ያበጃል።

አንድ ተከራካሪ ይህን ሰምቶ «ዚንክ የሚፈላው በ907 ዲግሪ ነው፤ የማጨሻ ሙቀት ግን ከ110 ወይም ከ120 አያልፍም፤ ስለዚህ ነገሩ ባዶ ፍርሃት ነው» ብሎ ጽፏል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። የሙቀት መለኪያው የሚናገረው በዓሣው ዙሪያ ስላለው አየር ነው እንጂ ከሰሉ ስለ ተኛበት ወለል አይደለም። በደንብ የተራገበ ከሰል ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ዚንክም ትነት ለመስጠት እስኪፈላ አይጠብቅም። ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ እንኳ፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ልባስ ከብረቱ መላጥ ይጀምራል። ለተከራካሪው የምሰጠው ነጥብ አለ፤ ከእሳቱ ርቆ ከላይ የተገጠመ የጋልቫናይዝድ ጭስ መውጫ ማንንም አይገድልም። ጥያቄው ብረቱ ከእሳቱና ከምግቡ አንጻር የት ተቀመጠ የሚለው ነው።

ሌላው የሚያስገርመኝ ምክር «አንድ ጊዜ በደንብ አቃጥለው፣ ከዚያ ተጠቀምበት» የሚለው ነው። ይህ ዘዴ ለበርሜል ቀለም ይሠራል፤ ለዚንክ ግን አይሠራም። ከዚንኩ የሚነሣው ነጭ ጭስ ወደ አቃጣዩ ሳንባ ይገባል፤ የቀረውም በብረቱ ላይ ሲግል ቢጫ፣ ሲበርድ ነጭ የሚሆን ዱቄት ሆኖ ይቆያል። በብየዳ ቤት የምንፈራው ሕመምም ይኸው ነው። ጭሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሰውነት መቆረጣጠም ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። በጣና ዳርቻ ለሚኖር ሰው ይህ ሕመም ከወባ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ደም ሳይመረመር «ትናንት ዚንክ በየድኩ፣ እርሱ ነው» ብሎ መተኛትም፣ «ወባ ነው» ብሎ መድኃኒት መዋጥም አይገባም። ብየዳ ቤቶች የሚታመኑበት ወተትም ይህን ሕመም አይከላከልም፤ የሚከላከለው ልባሱን ከመገጣጠሚያው ላይ በሞላ ሞርዶ ማስወገድ፣ በነፋሻ ቦታ መሥራትና ተገቢውን መተንፈሻ ጭንብል ማድረግ ነው።

እሳት ባይኖርም አሲድ አለ። ዚንክ በአሲድ ይሟሟል፤ ሎሚ የተቀባ ዓሣ በጋልቫናይዝድ ሽቦ ላይ ሲጋደም፣ የጭሱም ጤዛ ራሱ የኮምጣጤ አሲድ ስላለበት፣ ዚንኩ ወደ ምግቡ ይሻገራል። በብዛት የገባ ዚንክ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። የማቀዝቀዣ መደርደሪያ ደግሞ ከዚህም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ከአሮጌዎቹ አንዳንዶቹ የተለበጡት ከዚንክ ይልቅ እጅግ መርዛማ በሆነው በካድሚየም ነው፤ በዓይን ብቻ መለየትም አይቻልም። ስለዚህ መደርደሪያው ምንም ያህል ለመጥበሻ የተፈጠረ ቢመስልም ዓሣ አያድርበት።

«ማግኔት ካልያዘው ስቴይንለስ ነው፣ ከያዘው ተራ ብረት ነው» የሚለው ፈተናም ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። ማግኔት የለበሰውንም ያልለበሰውንም ብረት እኩል ይይዛል፤ ከስቴይንለስ ዓይነቶችም የሚይዛቸው አሉ፤ አሉሚኒየምን ደግሞ አይይዝም። ይልቅ ገጹን በብርሃን ማየት ይሻላል፦ በረዶ ላይ እንደሚታይ ዓይነት አበባማ ቅርጽ ካለው ዚንክ ነው፤ ቅርጹ አለመኖሩ ግን ዚንክ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ለእሳት ማስቀመጫው ያልተለበጠ ወፍራም ላሜራ ይመረጣል፤ ቢዝግ ይዛግ፣ በዘይት ተቀብቶ ሲግል ራሱን ይሸፍናል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የስቴይንለስ ከበሮም፣ ፕላስቲኩና ጎማው ከተነቀለለት፣ ለዚሁ ይሆናል። በርሜል ከሆነ ምን ይዞ እንደ ነበር በእርግጠኝነት የታወቀና ምግብ ነክ ብቻ ይሁን፤ የፀረ ተባይ በርሜል በምንም ዓይነት እጥበት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበትንም በውስጡ ትነት እያለ በግራይንደር መቁረጥ ሊፈነዳ ይችላል። ብሎንና ማጠፊያ በየሱቁ የሚሸጡት ዚንክ የተለበጡ ናቸውና ከእሳቱ በታችና ከዓሣው በላይ አይግቡ፤ በጎን፣ ከውጭ በኩል፣ ይታሰሩ።