ኮለር አይዲ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«የቤት ስልካችሁ ኮለር አይዲ ካለው አጭበርባሪ አይነካችሁም።» ይህን ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት። ጸሐፊው ምንም ጥርጥር የለውም። ቁጥሩ ይታያል፣ ሰውየው ይታወቃል፣ አለቀ ደቀቀ። ከአያት እስከ ለገጣፎ የቤት ስልክ መስመር ስዘረጋና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ኮለር አይዲ የሚያሳየው ቁጥር ነው፤ ሰው አያሳይም። ቁጥሩንም ቢሆን አያጣራም። በደዋዩ በኩል ያለው ኔትወርክ «ይኸው» ብሎ የሰጠውን ተቀብሎ ቀፎው ላይ ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነው።

የግቢ ዘበኛ አስቡ። እንግዳ በር ያንኳኳል። ዘበኛው «ማን ልበል?» ይላል። እንግዳው «ከባንክ ነው» ይላል። ዘበኛው ግቢውን አቋርጦ ይመጣና «ከባንክ መጥተዋል» ይላችኋል። መታወቂያ አልጠየቀም፤ ጠይቅም አልተባለም። ቢያታልሉት ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥፋቱ «ዘበኛ አለን፣ ሌባ አይገባም» ብሎ ያሳመናችሁ መካሪ ነው።

በኢንተርኔት በኩል በሚደወል ጥሪ ላይ ደዋዩ የፈለገውን ቁጥር ራሱ ሞልቶ የሚልክበት መንገድ አለ። አሜሪካኖች በዚህ ነገር ተማረው፣ ከጁን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎቻቸው የደዋዩን ቁጥር በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ አስገድደዋል። እሱም ቢሆን በአሮጌው የስልክ መረብ በኩል ሲያልፍ ፊርማው መንገድ ላይ ይቀራል።

ለእኛ ግን ምሳሌ ፍለጋ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ዋሽንግተን ያለች እህታችሁ ትደውላለች፤ የሚታየው የማታውቁት የ09 ቁጥር ነው። ሲም ቦክስ ነው ነገሩ። ጥሪው በኢንተርኔት አገር ውስጥ ይገባል፣ አንድ ቤት ውስጥ በተደበቀና ሲም ካርድ በታጨቀበት ሳጥን ያልፋል፣ ከዚያ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ይደርሳችኋል። ሕገ ወጥ ነው፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ይህን መሰሉን ሥራ በወንጀል ያስቀጣል። እህታችሁ ግን ምኑንም አታውቅም፤ እሷ ርካሽ መደወያ ነው የገዛችው። በመካሪያችን ስሌት ይህ ጥሪ መነሳት የለበትም። መልሳችሁ ብትደውሉ ደግሞ እሷን አታገኟትም። እንግዲህ ቁጥሩ የማን ነው?

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። በ011 የሚጀምር ቁጥር ስለታየ ከመሥሪያ ቤት ተደወለ ማለት አይደለም።

ደንበኞች ከሁሉ በላይ የሚያማርሩት ግን ስለዚህ አይደለም። «ቁጥሩ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም» ነው የሚሉኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ ምንም አልሆነምና። በመዳብ መስመር ላይ ቁጥሩ በአብዛኛው የሚላከው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጩኸት መሀል ባለችው ጸጥታ ውስጥ፣ በድምፅ ምልክት ተቀይሮ ነው። ስልኩ ገና አንዴ ሲጮህ ካነሳችሁት ቁጥሩ አይደርስም። ዘበኛው ግቢውን ሳያቋርጥ በሩን ከፍታችኋል። ሁለቴ ይጩህ፣ ከዚያ አንሱት። ሳሎን ያለው ልጅ ሮጦ የሚያነሳ ከሆነ መኝታ ቤት ያለው ቀፎ ላይም ምንም አይታይም።

ሌላው ባትሪ ነው። ብዙ ባለ ስክሪን ቀፎዎች ከሆዳቸው ሥር ድንጋይ አላቸው። ድንጋዩ ሲያልቅ ስልኩ እንደወትሮው ያወራል፣ ስክሪኑ ግን ይጠፋል። ከዚያ ሰው «መስመሬ ተበላሸ» ይላል። ሦስተኛው ስፕሊተር ነው፤ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የምትለየው ትንሽ ሳጥን። በዚያው ሽቦ ኢንተርኔት ያስገባ ቤት ቀፎውን ያለ ስፕሊተር ከሰካው የኢንተርኔቱ ጫጫታ ምልክቱን ያበላሸዋል። ፋይበር የገባላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ቀፎው የተሰካው ሞደም ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። መዳቡ ኃይሉን ከስልክ ማዕከሉ ስለሚያገኝ በጨለማም ይጮህ ነበር። በእኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ኮለር አይዲን ከትሩኮለር ጋር አንድ የሚያደርጉትም አሉ። ትሩኮለር የሞባይል መተግበሪያ ነው። የሚያወጣው ስም በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ያንን ቁጥር ሴቭ ካደረጉበት ወይም ራሳቸው ከጠቆሙት የተሰበሰበ ነው። ያው ዘበኛ ጎረቤቱን ዞሮ «ይህን ሰውዬ ምን ትሉታላችሁ?» ሲል እንደማለት። አንዱ «ቧንቧ ሠሪው»፣ ሌላው «እንዳታነሳው» ብሎታል። ለጥቆማ አይከፋም። የቤት ስልካችሁ ላይ ግን ምንም አይሠራላችሁም።

ማየትና ማገድም ይለያያሉ። ቁጥር ማገጃ ያለው ቀፎ እንኳ አንዴ ሊጮህ ይችላል፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ከመጀመሪያው ጩኸት በኋላ ነዋ። የታገደው ሰው ደግሞ ሌላ ሲም ያወጣል። «ቁጥር የማያሳይ ጥሪ ሁሉ ይታገድ» የሚለውን ቅንብር ስትከፍቱ በተለይ ተጠንቀቁ። ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ ቁጥሩ መንገድ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አጭበርባሪውን ያገዳችሁ መስሏችሁ ልጃችሁን ታግዳላችሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ይኸው መካሪ ቁጥር ለመደበቅ *67 ደውሉ ይላል። ከአሜሪካ የቤት ስልክ መመሪያ ቀጥታ የተገለበጠ ነው። እዚያ *67 ቁጥር ይደብቃል። እኛ በምንይዘው የጂኤስኤም ሞባይል ላይ ግን 67 መስመር ሲያዝ ጥሪን ወደ ሌላ ቁጥር የማዞሪያ፣ ማለትም የዳይቨርት ኮድ ነው። በሞባይል ቁጥር የሚደበቀው ከቁጥሩ በፊት #31# በማስገባት ነው፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ። ኮድ እንደ ጠላ ቤት ወሬ አይቀባበሉትም! አጭበርባሪዎችም የሚወዱት ይህንኑ ነው። «መስመርዎን ለማስተካከል *21* ብለው ይህን ቁጥር ያስገቡ» ይላሉ። አስገባችሁ ማለት ጥሪያችሁ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ባንኩ ለማረጋገጥ ሲደውል የሚያነሱት እነሱ ናቸው።

ታዲያ በቤት ስልክ ጥሪ የሚመረጠው እንዴት ነው? ሁለቴ ይጩህ፣ ቁጥሩን እዩ፣ የምታውቁት ከሆነ አንሱ። የማታውቁት ከሆነም ማንሳት ችግር የለውም፤ መስማት አያስከስስም። ገንዘብ፣ ኮድ ወይም የሚስጥር ቁጥር ከተነሳ ግን ዝጉና ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። ስክሪኑ ላይ በታየው ቁጥር አይደለም፤ ደብተራችሁ ላይ ባለው። ቤት የሚውሉት እማማ ከሆኑ ይህን ለእሳቸው ንገሯቸው፣ ስልኩን በብዛት የሚያነሱት እሳቸው ናቸውና።

ሞባይላችሁ ላይ ሳታውቁ ዳይቨርት ተደርጎ እንደሆነ *#21# ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ##002# ደግሞ ሁሉንም ዳይቨርት ይሰርዛል። ለቤት ስልክ ኮዱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውላችሁ ጠይቁ። ደዋዮቹ ግን እናንተ ሁኑ፤ «ከ994 ነው የምንደውለው» ብሎ የደወለላችሁን ሰው እንዳትጠይቁ።