«ጋዝና አየር»፦ ማስኩን ለምን ሌላ ሰው አይይዝላትም?
በእንግሊዝ ማዋለጃ ክፍሎች «ጋዝና አየር» የሚሉት፣ በማስክ የሚሳብ የምጥ ሕመም ማስታገሻ ስሙ ያሳስታል፤ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ማደንዘዣ ጋዝ፣ ግማሹ ንጹሕ ኦክስጅን ነው።

ባሎችን ግር የሚላቸው ግን ደንቡ ነው፦ ማስኩን የምትይዘው ምጥ የያዛት ሴት ራሷ ብቻ ናት። ከመጠን በላይ ከሳበች ትደነዝዛለች፣ እጇ ይዝላል፣ ማስኩ ከፊቷ ይወርዳል፤ ተራ አየር ስትስብ ወዲያው ትነቃለች። ሌላ ሰው ደግፎ ከያዘላት ይህ መከላከያ ቀረ ማለት ነው፤ የሰው ደግነት እዚህ ላይ አይጠቅምም።

ጋዙ መሥራት እስኪጀምር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ፣ ምጡ መጣሁ ሲል በረጅሙ መሳብ፤ ሲያልፍ ማቆም። ማስኩ በደንብ ካልገጠመ ጋዙን የሚለቀው ቫልቭ አይከፈትም።

ከሳንባው አየር አምልጦ ደረቱ ውስጥ ለታፈነበት ሰው ክልክል ነው፤ ጋዙ የታፈነውን ያሰፋዋል።