የውሻ መዥገር፦ አኗኗሩ፣ አወጋገዱና መከላከያው

መዥገር የሸረሪት ዘመድ የሆነ ደም መጣጭ ተባይ ነው። ውሻን በብዛት የሚያጠቃው ቡናማው የውሻ መዥገር ከእንቁላል እስከ ጉልምስና ያለውን ዕድሜውን በሙሉ ቤት ውስጥ መጨረስ ይችላል። ሴቷ ደም ጠግባ ከውሻው ላይ ትወርድና በግድግዳ ስንጥቅ ወይም በማደሪያው ጥግ እስከ ብዙ ሺህ የሚደርስ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። የሚፈለፈለው እጭ ስድስት እግር ብቻ አለው፤ ስምንት የሚሆነው ደም መጥጦ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሻውን አክሞ ማደሪያውን የተወ ሰው ሥራውን ገና አልጨረሰም።

መዥገር በሽታ እንደሚያስተላልፍ በ1893 እ.ኤ.አ. ያረጋገጡት አሜሪካዊው ተመራማሪ ቴዎባልድ ስሚዝና የእንስሳት ሐኪሙ ፍሬድ ኪልቦርን ናቸው። ጥናታቸው በከብት ትኩሳት ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ትንኝ የወባ አስተላላፊ መሆኗ ከመረጋገጡ በፊት የተገኘ ውጤት ነው። ይህ ታላቅ ግኝት ከእንስሳት ሕክምና የወጣ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በውሻ ላይ ባቤዚያ የተባለው በመዥገር የሚተላለፍ ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ ድድ ይገረጣል፣ ሽንት ይጠቁራል። ኧርሊኪያ የተባለው በመዥገር የሚተላለፍ ባክቴሪያ ደግሞ ደም እንዳይረጋ በማድረግ አልፎ አልፎ ነስር ያስከትላል።

ፍተሻ የሚጀመረው ከጆሮ ነው፤ ከዚያም የአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብት፣ ብሽሽትና የጣቶች መሐል በጣት ይዳሰሳሉ። መዥገር ሲገኝ ጸጉሩ ይገለጥና በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር በተጣበቀበት ቦታ፣ ሆዱ ሳይጨመቅ ተይዞ በዝግታ ቀጥ ብሎ ይሳባል። የአፉ ቅሪት ቢቀር ቆዳው ብዙውን ጊዜ በራሱ ያስወጣዋል፤ ቆፍሮ ማውጣት ቁስሉን ያባብሰዋል። ቦታው በአልኮል ይጠረጋል፣ መዥገሩም አልኮል ውስጥ ይጣላል፤ በእጅ ማፍረጥ አይገባም። ክብሪት መለኮስ፣ ላምባ ወይም ቫዝሊን መቀባት ፈጽሞ የተሳሳተ ልማድ ነው፤ ውሻውን ይጎዳል፣ መዥገሩም ቶሎ አይለቅም።

ለመከላከያ የሚረጩ፣ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠቡና በአንገት የሚታሰሩ መድኃኒቶች አሉ። ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት የሚዋጡት እንደ ፍሉራላነር ያሉት ናቸው፤ አንድ የፍሉራላነር እንክብል በአብዛኛው ለ12 ሳምንት ይሠራል። በአንዳንድ ውሾች ላይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ስለተነገረ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ከሐኪም ምክር ውጭ ባይሰጠው ይመረጣል። ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ-ተባይ ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ሊገድል ስለሚችል፣ ድመት በሚኖርበት ቤት ሌላ አማራጭ ይፈለጋል።